ስንት ሰው ነው ይሄ ኪሾር?

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ ህንዳዊው ዘፋኝ ስለ ኪሾር ኩማር ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። «ከአንድ ጉሮሮ ስንት ሰው ይወጣል?» ብዬ ነው ያለፍኩት። ማለፍ ግን አልቻልኩም፤ ጥያቄው ጎረፈ። ስለ ሌላ ሌላው የጻፋችሁልኝ ለሚቀጥለው እትም ታገሡኝ። ዛሬ ቦታው የኪሾር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ። ልቀይራቸው ሞክሬ ራሴን አመመኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአጎቴ የወረስኩት የህንድ ካሴት አለኝ። ሽፋኑ ጠፍቷል። ሦስት የተለያዩ ወንዶች የዘፈኑበት መስሎኝ ነው የኖርኩት። ሰሞኑን አንድ የሚያውቅ ሰው ሰምቶት «ሁሉም ኪሾር ነው» አለኝ። እየቀለደብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልቀለደብህም ወንድሜ። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ። የኔም ካሴት ሽፋን አልነበረውም። አንድ ማታ ቴፑ ክሩን በላብኝና በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ስመልስ አመሸሁ። ክሩ ከተጨማደደበት ቦታ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ሌላ ሰው ሆነብኝ። «አበላሸሁት!» ብዬ አዘንኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ክሩ ደህና ነበር። የተቀየረው ተዋናዩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የህንድ ፊልም ዘፋኝ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኑን ይቀዳል። ፊልሙ ሲቀረጽ ዘፈኑ ይከፈትና ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅስበታል። ሥራውን እነሱም «ፕሌይባክ» ነው የሚሉት። እንግዲህ ዘፋኝ ሁሉ ድምፁን ለተዋናይ ያውሳል። ኪሾር ግን ተዋናዩን ራሱን ጉሮሮው ውስጥ ያስገባው ነበር። (ሌላው የዘመኑ ታላቅ የፊልም ዘፋኝ ሞሃመድ ራፊም ይችልበታል። የራፊ ወዳጆች አትቆጡ፣ እመጣላችኋለሁ።)

ለተዋናዩ ለዴቭ አናንድ ሲዘፍን እጁን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ የሚሄድ ጎረምሳ ነው። ለራጄሽ ካና ሲሆን ድምፁን ያለዝበዋል፤ ጆሮህ ሥር መጥቶ የሚያንሾካሹክ ይመስልሃል። ለአሚታብ ባቻን ሲሆን ደግሞ ከደረቱ ታች ያወጣዋል። ይከብዳል፣ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ይሰክራል። ካሴትህ ላይ ያሉት ሦስቱ ወንዶች እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህን ከየት አመጣው? ተዋናይ ስለነበረ ነው። ያውም ለይስሙላ የገባ አይደለም፤ በ1950ዎቹ በኮሜዲ ፊልሞች ዋና ተዋናይ ሆኖ ይሠራ ነበር። ዘፈን ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ሰውየውን ነው። በ1978 «ዶን» ለተባለው ፊልም ስለ ፓን የሚያወራ ዘፈን ቀዳ። ፓን ቅጠል ውስጥ ተጠቅልሎ የሚታኘክ፣ ምራቅ የሚያቀላ ነገር ነው። ኪሾር «አፌ ባዶ ሆኖ እንዴት እዘፍነዋለሁ?» ብሎ ፓኑን አስመጥቶ፣ ስቱዲዮው ውስጥ እያኘከና እየተፋ ዘፈነው ይባላል። እኔ ጆሮዬን ጥጄ ሳዳምጠው ቃላቱ እርጥብ ናቸው። ጉንጩ የሞላ ሰው ሲያወራ የምትሰማው ዓይነት። ለዚያ ዘፈን ፊልምፌር የሚባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት ወሰደ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን «ኪሾር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም» ይለናል። ሳይማሩ እንደዚያ መሆን ከተቻለ እኔ ምን ያደክመኛል?

መልስ፦ አስተማሪሽ ልክ ነው። አንቺ ግን ክፍልሽን እንዳትተዪ፣ አደራ።

የተወለደው ነሐሴ 4 ቀን 1929 ካንድዋ በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ ናት። እናት አባቱ ያወጡለት ስም አባስ ኩማር ጋንጉሊ ነው። ቤተሰቡ ቤንጋሊ ነው፤ አባቱ ጠበቃ ነበሩ። በ18 ዓመት የሚበልጠው ታላቅ ወንድሙ አሾክ ኩማር ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ሄዶ ትልቅ የፊልም ተዋናይ ሆነ። ኪሾርም ያንን ተከትሎ ነው የሄደው።

አሾክ ያወራት የነበረች አንዲት ታሪክ አለች። ኪሾር በልጅነቱ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ የሻከረ ነበር አሉ። አንድ ቀን ወጥ ቤት እየሮጠ ሲገባ እግሩን ስለት ቆረጠው። ቁስሉ አልድን ብሎ ለሳምንታት ሌት ተቀን አለቀሰ። ለቅሶው ሲያበቃ ድምፁ ጠርቶ ተገኘ። ሐኪም ይህን እንዴት እንደሚያየው እንጃ። እኔ ግን እወዳታለሁ። «ሳይማር» ለሚለው ሁሉ «እንዴት አልተማረም? አንድ ወር ሙሉ ጮኾ!» እላለሁ።

ቦምቤይ ሲደርስ የሚያደርገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የዘመኑን ኮከብ ኬ ኤል ሳይጋልን ማስመሰል። የመጀመሪያ የፊልም ዘፈኑ፣ በ1948 በ«ዚዲ» ፊልም የዘፈነው፣ ሳይጋል ሳይጋል ይሸታል። አቀናባሪው ኤስ ዲ ቡርማን አሾክ ቤት ሄዶ ይህንኑ የማስመሰል ዘፈን ሰማ። አድንቆት ሲያበቃ ግን መከረው፦ ማስመሰሉን ተው፣ የራስህን ፈልግ።

የራሱን ያገኘው በጣም ሩቅ ቦታ ነው። ወንድሙ አኑፕ የፈረንጅ ሸክላዎች ነበሩት፤ የአሜሪካዊው የጂሚ ሮጀርስና የቴክስ ሞርተን። ሁለቱም ዮድል የሚያደርጉ ናቸው። ዮድል ማለት ድምፅን ከደረት ድንገት ወደ ቀጭኑ አፈትልኮ ማስወጣት፣ መልሶም መጣል ነው። ኪሾር ሸክላዎቹን እየሰማ ለመደውና የህንድ ዜማ ውስጥ አስገባው። ያቺን «ዮድለ-ኢ» የምትል ጨዋታ ከሰማሽ ስሙን መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን በዘፋኝነቱ የሁሉ አንደኛ የሆነው በ1969 በ«አራዳና» ፊልም ነው። ያኔ ራጄሽ ካናም ኮከብ ሆነ፣ ኪሾርም የመጀመሪያውን ፊልምፌር ወሰደ። ከ1948 እስከ 1969 ስንት ነው? ሃያ አንድ ዓመት። ያንቺ ኮርስ ስንት ዓመት ነው?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ተወራርደናል። «ሃፍ ቲኬት» የሚባል ፊልም ላይ ኪሾር የሴት ልብስ ለብሶ ከአንድ ወንድ ጋር እየተቀባበለ ይዘፍናል። ባለቤቴ «ሴቷን የዘፈነችው ሌላ ናት» ይላል። እኔ «ሁለቱንም እሱ ነው» ባይ ነኝ። የተሸነፈ ለአንድ ወር ዕቃ ያጥባል።

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን ከሳሙናው አውጪ። አሸንፈሻል።

ፊልሙ የ1962 ነው። አቀናባሪው ሳሊል ቾውድሪ ዘፈኑን የሠራው ለኪሾርና ለዘፋኟ ለላታ ማንጌሽካር ነበር። የቀረጻው ጊዜ ሲደርስ ላታ ከተማ ውስጥ የለችም። ሳሊል ግራ ሲገባው ኪሾር «ሁለቱንም እኔ እዘፍነዋለሁ» አለ። ሳሊል መጀመሪያ አልጣመውም። ኋላ እሺ አለ፤ ሆነም።

ባለቤትሽ የተምታታበት ቦታ ይገባኛል። ፊልሙ ላይ ሴት መስሎ የሚደንሰው ኪሾር ነው። የሚያሳድደው ወሮበላ ተዋናዩ ፕራን ነው። ስለዚህ የወንዱ ድምፅ ከፕራን አፍ፣ የሴቷ ድምፅ ደግሞ ከራሱ ከኪሾር አፍ ይወጣል። ድምፁ ግን ሁለቱም የኪሾር! ይህን ለማስረዳት እኔ ራሴ ወረቀት ላይ ቀስት እየሳልኩ ነው።

ዛሬ ማታ ዕቃው ሲታጠብ ቁጭ ብለሽ ደግመሽ ስሚው። ሴቷን ሲሆን ድምፁን ማቅጠን ብቻ አይደለም የሚያደርገው። ይሽኮረመማል። ቃሉን ጫፉ ላይ ትንሽ ይጎትተዋል፣ እሺ እንደማትል እያወቀች ተስፋ እንደምትሰጥ ሴት። ወንዱ ሲመለስ ደግሞ ድምፁ ላይ ጢም ያለ ይመስላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል እግሩ የሚያርፍበት ቦታ አይሰማሽም። ከላይ ለተማሪዋ የነገርኳት የዮድሉ ዝላይ እዚህ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ያኔ የፈረንጅ ሸክላ ሲሰማ ጊዜውን የሚያባክን ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ ራፊ ወይስ ኪሾር? አጭር መልስ እባክዎ።

መልስ፦ በ1958 «ራጊኒ» በሚባል ፊልም ላይ ኪሾር ተዋናይ ነው። አንድ ጠንካራ ክላሲካል ዘፈን መጣ። የዘፈነለት ሞሃመድ ራፊ ነው። ኪሾር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አቀናባሪው ኦ ፒ ናያር እንዲህ ሲወስን ኪሾር ስላኮረፈ ፊልሙ ቆመ የሚል ወሬ አልሰማሁም። አጭር አልክ፣ ይኸው። በተረፈ ልቤ የኪሾር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህ ፕሌይባክ የሚሉት ነገር ማጭበርበር አይደለም? አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይጨበጨብለታል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ኪሾር ራሱ በሳቅ መልሶታል። «ፓዶሳን» የሚል የ1968 ፊልም አለ፤ ካላየኸው ዛሬውኑ ፈልገው።

ሱኒል ዳት አንዲት ጎረቤቱን የሚወድ የዋህ ልጅ ሆኖ ይሠራል። ልጅቷ ሙዚቃ ትወዳለች። እሱ ድምፁ የአህያ ነው። የሙዚቃ አስተማሪዋ፣ ኮሜዲያኑ መህሙድ የሚጫወተው፣ በመዝሙር በዜማ ልቧን ሊወስድበት ነው። ኪሾር የልጁ ወዳጅና «ጉሩ» ነው፤ አፉ በፓን የቀላ፣ ጸጉሩ የተንጨፈረረ የቲያትር ሰው። መላ ይዘይዳል። ልጁ መስኮት ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ኪሾር ከኋላ ተደብቆ ይዘፍናል። ፕሌይባክ በፊልም ውስጥ፣ ያውም በዓይንህ እያየኸው!

ከዚያ ሁለቱ መስኮቶች በዘፈን ይገጥማሉ። ለመህሙድ የዘፈነለት ማና ዴይ ነው፤ ክላሲካልን ከአጎቱ እጅ የተማረ፣ ያ ጥበብ እጁ ላይ ያለ ሰው። ታሪኩ ደግሞ ማና ዴይ እንዲሸነፍ ይፈልጋል። ያልተማረው የተማረውን ይረታል! ማና ዴይ ይህ ነገር በቀላሉ አልተዋጠለትም ይባላል። አልፈርድበትም። የአር ዲ ቡርማን ቅንብር ነው። መህሙድ በሕጉ በሥርዓቱ ድምፁን ሲያንቆረቁር ኪሾር ዜማውን ከመንገድ ያስወጣዋል፣ ያንገዳግደዋል፣ እንደ ዶሮ ይንጫጫል፣ በመጨረሻ ግን ልክ ቦታው ላይ ያሳርፈዋል። እዚያ ላይ እየቀለደ ምት እንደማይስት ልብ በል። አንድ ጊዜም አልሳተም። ሱኒል ዳት ደግሞ አፉ ከድምፁ ዘግይቶ ሲደናበር የአንተን ጥያቄ ነው የሚጫወተው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ዘፈኖቹን ከሬዲዮ አግዶበት ነበር የሚባለው እውነት ነው? ምን አድርጎ?

መልስ፦ እውነት ነው። ምን አላደረገም ብትይ ይሻላል።

ከሰኔ 1975 እስከ መጋቢት 1977 ህንድ በኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። የማስታወቂያ ሚኒስቴሩ የፊልም ሰዎች የመንግሥትን ፕሮግራም እንዲያስተዋውቁ ይፈልግ ነበር። ኪሾርን ጠየቁት። አልመጣም አለ። በግንቦት 1976 ዘፈኖቹ ከኦል ኢንዲያ ሬዲዮና ከቴሌቪዥኑ ከዱርዳርሻን ወጡ። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ ሌላ ሬዲዮ ጣቢያ የለም። እገዳው አዋጁ እስኪነሳ ዘለቀ። ኋላ ጉዳዩ የአዋጁን ዘመን በደሎች በመረመረው በሻህ ኮሚሽን ፊት ቀርቧል።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። የታገደው አንድ ሰው ነው። ሬዲዮኑ ላይ ዝም ያሉት ግን እነ ራጄሽ ካና፣ እነ አሚታብ፣ እነ ዴቭ አናንድ ናቸው። አንድ ጉሮሮ ሲዘጋ ስንት ሰው አፉን ዘጋ!

ጥያቄ፦ እብድ ነበር ይላሉ። ገንዘብ ላይም ቆንጣጣ። እውነት ነው?

መልስ፦ ስለ እብደቱ ራሱ ነው ማስታወቂያ የሠራው። ቤቱ በር ላይ «ከኪሾር ተጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር፣ ሌላው ሰው «ኃይለኛ ውሻ አለ» እንደሚለው። በ1985 ለታተመ ቃለ መጠይቅ ጋዜጠኛውን ግቢው ውስጥ እያዞረ ከዛፎቹ ጋር በየስማቸው አስተዋውቆታል። ጓደኞቼ እነሱ ናቸው ብሎ። ፕሮዲውሰሮች እንዲሸሹት ይመስለኛል ግማሹን የሚያደርገው። ዛፍ ቀብድ በልቶ አይጠፋማ።

ገንዘብ ላይ ግን፣ አዎ፣ ቀልድ አያውቅም ነበር። ወይም በቀልድ ነበር የሚያስከፍለው። ክፍያው ግማሽ ሲደርሰው ፊቱን ግማሹን ብቻ ተኳኩሎ ስቱዲዮ መጣ ይላሉ፤ «ግማሽ ብር፣ ግማሽ ሜካፕ» ብሎ። ሌላ ጊዜ አንድ ዳይሬክተር አምስት ሺህ ሩፒ ዕዳ ነበረበት። ወንድሙ አሾክ ለምኖት ለቀረጻ ገባ። ካሜራው ሲነሳ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል፣ «አምስት ሺህ ሩፒ!» ይላል፣ ይገለበጣል። ደግሞ ይራመዳል፣ «አምስት ሺህ ሩፒ!»፣ ይገለበጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አዳራሹን ጨርሶ በበሩ ወጥቶ ሄደ።

ዕዳን ግን የራሱንም አይረሳም። ኢንዶር ከተማ ኮሌጅ ሲማር ለካንቲኑ አምስት ሩፒ ከአሥራ ሁለት አና ዕዳ ነበረበት። (በዚያ ዘመን አንድ ሩፒ አሥራ ስድስት አና ነበር።) በ1958 ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በሠራው «ቻልቲ ካ ናም ጋዲ» ላይ ያቺው አምስት ሩፒ ከአሥራ ሁለት አና ዘፈን ሆና መጣች። ለካንቲኑ ሰውዬ መክፈሉን አላውቅም እንዳልል፣ እንደዚያ የሚታወስ ባለዕዳ ማን አይቶ ያውቃል?

ደግሞ ልጨምርልህ። የፊልም ዳይሬክተሩ ሳትያጂት ሬይ በ1964 «ቻሩላታ»ን ሲሠራ የባለቅኔውን የታጎርን ዘፈን በቤንጋሊ የሚዘፍንለት ፈለገ። ኪሾርን መረጠ። እብዱ፣ ዮድለኛው ኪሾር ድምፁን ሰብስቦ፣ ጨዋ ሆኖ ዘፈነው። ገንዘብም አልተቀበለም ይባላል። ሽልማቱንስ ካልክ፣ ስምንት ፊልምፌር አለው። በ1985 በወንድ ድምፃዊ ዘርፍ የታጩት አራቱም ዘፈኖች የእሱ፣ አራቱም ከአንዱ «ሻራቢ» ፊልም ነበሩ። ከራሱ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድም ዘፈኑን ሰምቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? በየት ልጨርስ?

መልስ፦ «ፓዶሳን» ላይ ካለው የመስኮት ግጥሚያ ጀምሪ። ስትስቂ ቆይተሽ፣ ሳታርፊ፣ በ1972 «አማር ፕሬም» ላይ ለራጄሽ ካና የዘፈናቸውን አስከትዪ። ማታ ጀልባ ላይ የሚዘፍነውን በተለይ። ሳቂታው ሰውዬ የት ሄደ ትያለሽ። ከዚያ «ሃፍ ቲኬት»። ሌላውን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ነው። ጥቅምት 12 ቀን 1987 ቦምቤይ ውስጥ ከዘፋኟ ከአሻ ቦስሌ ጋር አንድ ቀላል የፍቅር ዘፈን ቀዳ። በማግስቱ፣ ጥቅምት 13፣ ልቡ ቆመ። 58 ዓመቱ ነበር። ቀኑ የወንድሙ የአሾክ 76ኛ ልደት ነበር።

ኪሾር መድረክ ላይ ሲወጣ «የካንድዋው ኪሾር ኩማር» እያለ ነበር ራሱን የሚያስተዋውቀው። ቦምቤይን አልወደዳትም። አንድ ቀን ወደ ካንድዋ ተመልሼ ወተትና ጃሌቢ እየበላሁ እኖራለሁ ይል ነበር። ጃሌቢ ዘይት ውስጥ ተጠምዝዞ የሚጠበስ፣ በስኳር ውሃ የሚነከር ጣፋጭ ነው። የአስከሬኑ ሥርዓትም የተፈጸመው እዚያው ካንድዋ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 4 ወዳጆቹ መታሰቢያው ጋ እየሄዱ ወተትና ጃሌቢ ያስቀምጡለታል።